ብረቱን ሳይሆን ማጠፊያውን ይፍሩ፦ ጣራው የሚከፈት ስፖርት መኪና ለሚገዛ ሰው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጋራዥ የለኝም፤ መኪናዬ የሚያድረው ከአፓርትመንቱ ፊት ለፊት፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ለቅዳሜና እሑድ የምነዳው ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራው የሚከፈት መኪና መግዛት እፈልጋለሁ። የጨርቅ ጣራ ያፈስሳል፣ በቢላዋ ይቀደዳል፣ ይጮኻል ስለሚባል የማየው የሚታጠፍ የብረት ጣራ ያለውን ብቻ ነው። ብረት ስለሆነ መኪናው ቢገለበጥም ያድናል፣ ሲዘጋም ከኩፔ (ጣራው ከማይከፈት ባለ ሁለት በር መኪና) አይለይም ብዬ አምናለሁ። አሁን ያገኘሁት የ2011 ቢኤምደብሊው ዜድ4 ነው፤ ዋጋውም ደህና ነው። መካኒኬ ግን ‹ይቅርብህ› አለኝ፤ ምክንያቱን አላብራራም። ልግዛው? ወደፊት አገር ቤት ልወስደውም አስባለሁ።»

ምላሽ፦

መካኒክዎ የፈራው ብረቱን አይደለም፤ ብረቱን የሚያነሣውንና የሚያጣጥፈውን ነው። ጣራው የሚታጠፍ መኪና የገዛ ሰው የገዛው ሽፋን ሳይሆን ማሽን ነው፦ ፓምፕ፣ ሲሊንደር፣ መቆለፊያ፣ ሴንሰር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የውሃ መውረጃ። ከላይ የተዘረጋው ብረት ይሁን ጨርቅ ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። እንዲያውም «የብረት ጣራ» የምንለው ብዙ ጊዜ ብረት እንኳ አይደለም። ያዩት ዜድ4 ጣራው አልሙኒየም ነው፤ በዚያው ዘመን የተሠራው ባለ ጠንካራ ጣራ ማዝዳ ሚያታ ደግሞ ፋይበር ያለበት ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው። ጣራው በምን ኃይል ይንቀሳቀሳል? በስንት ቁራጭ ይታጠፋል? ላዩ ላይ የዘነበው ውሃ በየት በኩል ይወጣል?

ከእምነቶችዎ ሁሉ አደገኛው «ቢገለበጥም ያድናል» የሚለው ነውና ከእሱ እንጀምር። የሚታጠፈው ጣራ ከቦዲው ጋር አልተበየደም። ከፊት የመስታወቱ ጠርዝ ላይ በመቆለፊያ ተይዟል፤ ከኋላ በሚተጣጠፉ ክንዶች ላይ ተቀምጧል። መኪናው ሲገለበጥ ክብደቱን የሚሸከሙት የፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ምሰሶዎችና ከወንበሮቹ ጀርባ ያሉት ቀስት መሰል ብረቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ የጨርቅ ጣራ ባለው መኪና ላይም አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጣራ ጥንካሬ የሚለካበት ቁጥር 216 ደረጃ ኮንቨርተብሎችን (ጣራቸው የሚከፈት መኪኖችን) ከነጭራሹ አይመለከትም፤ የሚታጠፍ ጠንካራ ጣራ ያለውም በደንቡ ዓይን ያው ኮንቨርተብል ነው። ለደኅንነት ብለው በጣራው ላይ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። ከወንበሩ ጀርባ ያለው ቀስት ተነቅሎ ለማሳመሪያ የሚሸጥ ቀጭን ቱቦ የተተካበት መኪና ካጋጠመዎት ግን ጨርቅም ይሁን ብረት ትተውት ይሂዱ።

«ሲዘጋ ከኩፔ አይለይም» የሚለውም ለዓይን ካልሆነ በቀር አይሠራም። የኩፔ ጣራ ከምሰሶዎቹ ጋር ተበይዶ ቦዲውን የተዘጋ ሳጥን ያደርገዋል። ክዳኑ የተነሣለትን ካርቶን በሁለት እጅዎ ይዘው ቢጠመዝዙት እንዴት እንደሚላላ ያውቃሉ፤ ክዳኑን መልሰው ሳያጣብቁ ቢደፉበትም ያው ይላላል። የሚታጠፍ ጣራ ያ ሳይጣበቅ የተደፋ ክዳን ነው። ፋብሪካው ይህን ለማካካስ ከበሩ ሥርና ከወለሉ በታች ብረት ይጨምራል፤ ስለዚህም መኪናው ከኩፔ ወንድሙ ይከብዳል። መንገዱ ጎርበጥ ሲል ከራስዎ በላይ የሚሰማው «ሲጥ ሲጥ» የጣራው ቁራጮችና መቆለፊያዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ነው። ጨርቅ እንዲህ ዓይነት ድምፅ የለውም። ነፋስ በማገድ በኩል ብረቱ ሃይዌይ ላይ ይሻላል፤ ልዩነቱ ግን የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረውን ያህል አይደለም፤ አሁን የሚሠሩት ወፍራም የጨርቅ ጣራዎች ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ አላቸው።

አሁን ወደ ማፍሰሱ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፦ ዝናብ የሚገባው በቆርቆሮው መሃል ሳይሆን በምስማሩ ቀዳዳና ሁለቱ ቆርቆሮዎች በተደራረቡበት ነው። የጨርቅ ጣራ አንድ ወጥ ነው። ከላይ አክሪሊክ ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ ቡቲል የሚባል ጎማ፣ ከውስጥ ሌላ ጨርቅ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ውሃውን የሚያግደው የመሃሉ ጎማ ነው እንጂ ሰዎች ከላይ የሚረጩት ፈሳሽ አይደለም፤ እሱ ጨርቁ ቶሎ እንዲደርቅ ብቻ ይረዳል። ጠንካራው ጣራ ግን ቁራጭ በበዛ ቁጥር መጋጠሚያው ይበዛል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያም የራሱ ጎሚኒ (ውሃ የሚያግድ የጎማ ጠርዝ) አለው። ዜድ4 ሁለት ቁራጭ ነው። ቮልቮ ሲ70 ሦስት ነው። ቮልስዋገን ኢኦስ ከእነ ሰንሩፉ አምስት ነው፤ ጎሚኒዎቹም በተለየ ቅባት በየጊዜው ካልተቀቡ እንደሚያፈስሱ የታወቀ ነው። «ብረት አያፈስስም» የሚለው እምነት እንግዲህ እዚህ ላይ ተገልብጧል፤ ማፍሰስ ለሚፈራ ሰው ቁራጩ ያነሰው ይሻለዋል።

ለእርስዎ ከጎሚኒው የባሰው ጠላት ግን ቅጠሉ ነው። እነዚህ መኪኖች ውሃ ጨርሶ እንዳይገባ ተደርገው አልተሠሩም፤ ከመጀመሪያው ጎሚኒ ያለፈውን ውሃ በጣራው ዙሪያ ባለ አሸንዳ ሰብስበው፣ ግራና ቀኝ በሚወርዱ ቀጭን ቱቦዎች ከመኪናው ሥር እንዲያፈስሱ ነው የተሠሩት። መስከረም ተጋምሶ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ያ ቢጫ የአበባ ብናኝ ሲወርድ፣ አሸንዳው ውስጥ ገብቶ ከአቧራ ጋር ይቦካና ቱቦውን እንደ ጭቃ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ የወረደው ዝናብ መውጫ ያጣል። ቀስ ብሎ ይሞላና ወደ ወንበሩ ጀርባ ወይም ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ወለል ይፈስሳል። እዚያ የተቀመጡት ደግሞ ውሃ የማይወዱት ናቸው፦ በብዙ ሞዴሎች የጣራው ፓምፕ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኖች፣ አንዳንዴም ባትሪው። ከ2003 እስከ 2008 በተሠራው የጨርቅ ጣራ ዜድ4 ላይ የጣራው ሞተር ከታችኛው ማዕዘን ተቀምጦ ስለነበር መውረጃው በተደፈነ ቁጥር በውሃ ይሰምጥ ነበር። ጨርቅ መሆኑ አላዳነውም። ዛፍ ሥር የሚያድር ኮንቨርተብል ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የመውረጃውን ቦታ ማወቅ አለበት፤ የማያውቅ ሻጭ መኪናውን በደንብ አልያዘውም ማለት ነው።

በአንድ ነገር ግን ልክ ነዎት። መንገድ ዳር ለሚያድር መኪና ጠንካራው ጣራ ጥቅም አለው። ቢላዋ አይቀድደውም፣ ወፍ ቢያበላሸውና የዛፍ ሙጫ ቢንጠባጠብበት እንደ ማንኛውም ቀለም ይታጠባል፣ ላቫጆ ሲያስገቡትም ብሩሹ ያን ያህል አያሳስብም። ጨርቅ ጥላ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል፤ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ደግሞ ይደርቃል። ለጨርቁም ፍርድ ለመስጠት ያህል፦ ቢቀደድ ኮምፕሪሄንሲቭ ኢንሹራንስ ካለዎት ከዲዳክተብሉ (ከራስዎ ኪስ ከሚከፍሉት ድርሻ) በላይ ያለው ይሸፈናል፤ አርጅቶ ቢቀየርም የመኪና ልብስና ጣራ የሚሠራ ባለሙያ በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የብረቱ ማጠፊያ ሲበላሽ ግን ያ ባለሙያ አይነካውም። የመኪናውን ሞዴል በደንብ የሚያውቅ፣ የጣራውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

ቦታና ክብደትን በተመለከተ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የዜድ4ው ዕቃ ማስቀመጫ ጣራው ተዘግቶ ሳለ 310 ሊትር ነው፤ ጣራው ታጥፎ ሲገባበት 180 ይሆናል። ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ኮንቨርተብል ከ2007 እስከ 2013 በተሠራው ትውልድ ከ350 ወደ 210 ይወርዳል። የቀረው ሊትር ደግሞ ቅርጹ ምቹ አይደለም፤ የታጠፈው ጣራ ከላይ ስለሚንጠለጠል ዕቃ የሚገባው ከሥሩ በጠባብ ክፍተት ነው፣ ስለዚህ ለስላሳ ቦርሳ እንጂ ጠንካራ ሻንጣ አይመከርም። ክብደትም አለ፦ መርሴዲስ በ2021 ኤስ ኤል ሞዴሉን ከብረት ጣራ ወደ ጨርቅ ሲመልሰው ከጣራው ብቻ 21 ኪሎ ቀንሷል። ሃያ ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲዘጋ ከመኪናው ጫፍ ላይ፣ ሲከፈት ከኋላ ጎማው በላይ የሚቀመጥ ሃያ ኪሎ ስለሆነ ኩርባ ላይ ይታወቃል።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸውም ሒሳቡን ሠርተውታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፔዦ በ1930ዎቹ ሠርቶታል፣ ፎርድ ከ1957 እስከ 1959 ስካይላይነር በሚባለው ግዙፍ መኪናው ላይ ሞክሮታል። መርሴዲስ በ1996 ኤስ ኤል ኬን ሲያወጣ ነው ፋሽን የሆነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተለው። ዛሬ ግን ዜድ4 ከ2018 ጀምሮ ወደ ጨርቅ ተመልሷል፣ በ10 ሰከንድ፣ እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄደም ይታጠፋል። ኤስ ኤልም ተመልሷል። ፌራሪም በ2023 ሮማ ስፓይደርን በጨርቅ አወጣ። ታዲያ ፌራሪና ማክላረን ሌሎቹን ለምን በጠንካራ ጣራ ይሠራሉ ካሉ፣ የአብዛኞቹ ሞተር ከወንበሩ ጀርባ ስለሆነ ነው። ጣራው አጭር ነው፣ ታጥፎ የሚያርፈው ከሞተሩ በላይ ነው፣ የሚሻማው የሻንጣ ቦታ የለም። የ2011ዱ ፌራሪ 458 ስፓይደር ጣራ እንዲያውም ከተለመደው ጨርቅ 25 ኪሎ ይቀልላል ብሎ ፋብሪካው ገልጿል። ያ ስሌት ሞተሩ ከፊት ለሆነ መኪና አይሠራም።

ወደ ዜድ4ው እንመለስ። የጣራውን መክፈቻ ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ በ20 ሰከንድ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። የበሮቹ መስታወቶች ይወርዳሉ። የኋላ ኮፈኑ ዕቃ ሲጭኑ ከሚከፈትበት በተቃራኒ፣ ከወንበሩ በኩል ባለው ጠርዙ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይጋደማል። የፊቱ መቆለፊያ ይለቃል፤ ሁለቱ የጣራ ቁራጮች ተነሥተው አንዱ ሌላው ላይ ተደራርበው ይወርዳሉ፤ ኮፈኑ ተመልሶ ይዘጋባቸዋል። ይህን ሁሉ የሚገፋው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ፓምፕ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ዘይት ነው፤ ሃይድሮሊክ የሚባለው ይህ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ማለቁን ለኮምፒውተሩ የሚናገር ሴንሰር አለ። አንዱ «ጨርሻለሁ» ካላለ ቀጣዩ አይጀምርም። ጣራ ግማሽ መንገድ ላይ ሰማይ እያየ ሲቆም፣ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር ኖሮ ሳይሆን ወሬው ሳይደርስ ቀርቶ ነው።

ወሬው ለምን ይጠፋል? ቀላሉ ምክንያት በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው መጋረጃ መሰል መለያያ ነው። ሻንጣው የታጠፈውን ጣራ እንዳይነካ እሱ ተዘርግቶ በቦታው ካልተቆለፈ ስርዓቱ አይንቀሳቀስም። ብዙ ሰው «ጣራዬ ተበላሸ» ብሎ ጋራዥ የሚሄደው መለያያው ጫፉ ስለወለቀ ነው። ሁለተኛው ባትሪ ነው፤ ፓምፑ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ያረጀ ባትሪ ቮልቴጁ ይወርድና ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ያቋርጠዋል። ሦስተኛው ከበድ ይላል፦ ኮፈኑ በሁለት አቅጣጫ ስለሚከፈት ወደ እሱ የሚሄደው የገመድ ጥቅል ማጠፊያው አጠገብ በሁለቱም በኩል ይታጠፋል፤ ከዓመታት በኋላ ሽቦዎቹ ከላስቲካቸው ውስጥ ይበጠሳሉ። ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም። ብልሃተኛ መካኒክ ጥቅሉን ፈትቶ በጥንቃቄ ይቀጥለዋል፤ ችኩሉ ፓምፕ ይቀይርልዎታል፣ ጣራው ግን ያው ይቆማል።

አራተኛው የዘይቱ ነው፤ መካኒክዎም በልቡ የያዘው ይህን ይመስለኛል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት በዕድሜ ይደርቃል፣ ዘይቱ ላብ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብሎ ማዛት ይጀምራል። የዘይቱ መጠን ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ካፈሰሰ አውጥቶ ቀለበቱን ለሚቀይሩ ባለሙያዎች መላክ ከአዲስ እጅግ ይረክሳል። ሆኖም አንዱ ያረጀበት መኪና ሌሎቹም እኩያዎቹ ናቸው። ዘይት መጨመር ካስፈለገ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይጨመር። የፍሬን ዘይት የጨመረ ሰው ቀለበቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገደላቸው ማለት ነው።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ ዜድ4ውን ይተዉት። መኪናው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በደረቅ ጋራዥ ለሚያሳድርና የሞዴሉን ባለሙያ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል መኪና ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ሃይድሮሊክ ግን ከዛፍ ሥር ማደር ጋር አይሄድም። የፈለጉትን ጠንካራ ጣራ ካልተዉ ከ2007 እስከ 2015 ሞዴል ያለውን ማዝዳ ሚያታ ባለ ጠንካራ ጣራ ይፈልጉ። የሱ ጣራ ሃይድሮሊክ የለውም፤ በኤሌክትሪክ ሞተሮች ነው የሚንቀሳቀሰው። የፊቱን መቆለፊያ በእጅዎ ይከፍታሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ በ12 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ከጨርቁ ሚያታ የሚበልጠው ወደ 37 ኪሎ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ጣራው የሚታጠፈው ከወንበሩ ጀርባ ባለው ጉድጓድ ስለሆነ 150 ሊትሩ የዕቃ ቦታ ጣራው ቢከፈትም ቢዘጋም አይነካም። ሞተሩ የዜድ4ውን ያህል ጉልበት የለውም፤ ይህን ካልወደዱ አሁኑኑ ይወቁት። ቁመትዎ ከ1.85 ሜትር ከበለጠም ጣራውን ዘግተው ሳይቀመጡበት አይክፈሉ።

አዲሱ ሚያታ አር ኤፍ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ አለ፤ እሱም በኤሌክትሪክ ነው፣ የእጅ መቆለፊያም የለውም። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፦ ከራስ በላይ ያለው ብቻ ይገባል፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ክንፍ መሰል ምሰሶዎች ይቀራሉ። ምሰሶዎቹ መስመር ሲቀይሩ የኋላ እይታ ይጋርዳሉ፤ ሃይዌይ ላይ ጣራው ተከፍቶ ሲነዳም ነፋሱ ጆሮ ሥር ይጋጫል። አየር ለመቀበል የሚገዛ ሰው የቀድሞውን ቢወስድ ይሻላል፤ መልኩን የወደደ ግን አር ኤፉን ይውሰድ። የዕቃ ቦታው 127 ሊትር ነው።

የትኛውንም ያገለገለ ባለ ጠንካራ ጣራ ሲያዩ፣ ዜድ4ውንም ቢሆን ልብዎ እምቢ ካለ፣ ፍተሻው እንዲህ ይሁን። ከቻሉ ዝናብ ከዘነበ በማግስቱ ጠዋት ይሂዱ፣ ሻጩም ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣው ይንገሩት። ሞተሩ ሳይነሣ ባትሪው 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ አንድ ጎማው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ከወጣ ቦዲው ስለሚጣመም መቆለፊያው ቦታውን ሊስት ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ጣራውን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይክፈቱና ይዝጉ፣ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው በጣም ከዘገየ ወይም ፓምፑ ድምፁ ከተለወጠ ችግር አለ። ከመኪናው ኋላ ቆመው ግራና ቀኙ እኩል መነሣቱን ይዩ፤ አንዱ ወገን የሚያነክስ ከሆነ ሲሊንደሩ ደክሟል ወይም ክንዱ ተጣምሟል።

ከዚያ እጅጌዎን ይሰብስቡ። የዕቃ ማስቀመጫውን ምንጣፍ አንሥተው ጎንና ጎኑን በነጭ ሶፍት ይጥረጉ። ቅባት ከያዘ ሃይድሮሊኩ ያፈስሳል፤ ውሃ ከያዘ መውረጃው ተደፍኗል። ከወንበሩ ጀርባና ከሥሩ ያለውንም ምንጣፍ በጡጫዎ ይጫኑት። ደረቅ ሆኖ የሻጋታ ሽታ ያለውና ሽቶ የተንጠለጠለበት መኪና ትናንት ደርቆ የመጣ ነው። ከአንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ቀስ አድርገው አሸንዳው ላይ ያፍስሱ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከመኪናው ሥር መውጣት አለበት። በሁለቱም በኩል ይሞክሩት። በመጨረሻ የጣራውን ኮምፒውተር የስህተት መዝገብ ያስነብቡ። በሃያ ሠላሳ ዶላር የሚሸጠው ተራ ማንበቢያ የሞተሩን ብቻ ስለሚያሳይ ለዚህ አይረባም። ሚያታ ላይ ደግሞ ከበሩ ሥር ያለውን የኋላ ጫፍ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ መውረጃ ተደፍኖ ክረምት ላይ መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው ሲጨመርበት ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከገዙ በኋላ የሚያስፈልገው ሥራ ጥቂት ነው፤ ግን አይዘለልም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከአበባው ብናኝ በኋላና ቅጠል ረግፎ ሲያልቅ፣ አሸንዳውን በእጅዎ ለቅመው መውረጃውን ይጥረጉ። ለዚህ የሣር ማጨጃ ማሽን የሚጠቀምበት 2 ሚሊሜትር የናይሎን ክር ይበቃል፤ ጫፉን በእሳት አቅልጠው ድቡልቡል ያድርጉት፣ ቀስ እያሽከረከሩ ያስገቡት። ሽቦ አይጠቀሙ፣ ቱቦውን ይበሳል። የኮምፕሬሰር አየርም አይንፉበት፤ ቱቦው ከመጋጠሚያው ይወልቅና ከዚያ ወዲያ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አያውቁትም። ጎሚኒዎቹን በሳሙና ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀቧቸው። ቫዝሊንም ሆነ ደብሊው ዲ 40 ጎማ ያበላሻሉ። ጣራውን ክረምትም ቢሆን ብርዱ በረድ ባለበት ቀን በወር አንድ ጊዜ ይክፈቱት፤ ለወራት የተጣበቀ ጎሚኒ ሲከፈት ይቀደዳል። ላዩ ላይ በረዶ ተጋግሮ ሳለ ግን ፈጽሞ አይክፈቱ።

ጣራው መሃል ላይ ከቆመብዎ በእጅ አይግፉት፣ እጅዎንም ከሥሩ አያስገቡ፤ ሃይድሮሊክ ያለው ሲሆን ግፊቱ ሲለቅ ሳይታሰብ ይወርዳል። የዕቃ መለያያውን ያስተካክሉ፣ ሞተሩን አጥፍተው ያስነሡ፣ ቁልፉን እስኪጨርስ ሳይለቁ ይያዙ። እምቢ ካለ የመኪናው መጽሐፍ በእጅ የሚዘጋበትን መንገድ ይናገራል። ያን ገጽ ጣራው ከመቆሙ በፊት ያንብቡት፣ ሥራውም የሁለት ሰው ነው።

አገር ቤት መውሰዱን ከሐሳብዎ ያውጡ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ እነዚህ ሁሉ የቤንዚን መኪኖች ናቸው። ሚያታውን ሲገዙ እዚያው ሜሪላንድ ሊነዱት ይግዙት፤ ለምርመራው የሚከፍሉትንም ከዋጋው ጋር ቆጥረው ይሂዱ። የመውረጃውን ቦታ ማሳየት ላልቻለ ሻጭ ደግሞ ቀብድ አይስጡ።